ለሩጫ የሚሆን የጂፒኤስ ሰዓት አመራረጥ፦ የትኛውን ቁጥር እንመን?

የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ወይም ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ምክር "እንቅስቃሴ ያድርጉ" የሚል ነው። ምክሩን ተቀብሎ ጠዋት ጠዋት መሮጥ ሲጀምር ቤተሰቡ ይደሰትና የሩጫ ሰዓት ይገዛለታል፤ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም ይልክለታል። ሰዓቱ የተሮጠውን ርቀት፣ የልብ ምትን፣ የተቃጠለውን ካሎሪና የኦክስጅን መጠንን ያሳያል። አንዳንዱማ የደም ግፊትንና የደም ስኳርንም ጭምር "እለካለሁ" ይላል። ሁሉም ቁጥር በአንድ ስክሪን ላይ ስለሚታይ ሁሉም እኩል የሚታመን ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዱ በትክክል የተለካ ነው፤ አንዳንዱ ግምት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም መሠረት የለውም።

ሕመም ለሌለበት ወጣት ሯጭ ይህ ልዩነት ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን የተሳሳተ ቁጥርን ማመን ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ ሰዓት ሲመርጡ መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎ የትኛው ምልክት ያለበት ሰዓት ዝነኛ እንደሆነ ሳይሆን የትኛውን ቁጥር ለምን እንደሚፈልጉት ነው።

በአጭሩ

• ጊዜና ርቀት፦ ጥሩ የጂፒኤስ ሰዓት በሚገባ ይለካቸዋል።
• የልብ ምት፦ በእጅ አንጓ ላይ የሚለካው ጠቃሚ ቢሆንም በሩጫ ላይ ሊሳሳት ይችላል።
• ካሎሪ፦ ግምት ነው። ምግብዎን በእሱ አይወስኑ።
• የደም ስኳር፦ ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳር እለካለሁ የሚልን ሰዓት አይመኑ።
• የሕመም ስሜት ከሰዓቱ ቁጥር ይበልጣል። ደረትዎን ካመመዎ ሰዓቱ ምንም ቢል ሩጫውን ያቁሙ።

መጀመሪያ፦ ሰዓት በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ልብ ይበሉ፤ ምክሩ የተሰጠው በደቂቃ እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ደቂቃ ለመቁጠር ማንኛውም የእጅ ሰዓት ይበቃል።

እንቅስቃሴው መካከለኛ ይሁን ጠንካራ ለማወቅም ቀላል ዘዴ አለ። እየሮጡ ወይም ፈጠን ብለው እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካልቻሉ መካከለኛ ነው። ለመተንፈስ ሳያቋርጡ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካቃተዎ ጠንካራ ነው። ይህ የንግግር ፈተና ቻርጅ አይፈልግም፤ የልብ ምትን በሚቀይሩ መድኃኒቶችም እንደ ሰዓቱ አይታለልም።

የጂፒኤስ ሰዓት የሚጠቅመው ከዚህ በላይ ሲፈልጉ ነው፦ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ፣ ከባለፈው ወር ይልቅ መሻሻልዎን፣ ወይም ገና ሲጀምሩ በጣም እየፈጠኑ እንደሆነ ማየት ሲሹ። ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ፈጥኖ በሁለተኛው ይደክማል፤ ከዚያም "ሩጫ ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። በዚህ ጊዜ "ቀስ በል" የሚል ሰዓት ይጠቅማል። ዘመናዊ ስልክ ካለዎት ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ነፃ የሩጫ መተግበሪያ ጭነው ለአንድ ወር ይሞክሩ። ስልኩም ጂፒኤስ አለው።

ጂፒኤስ ርቀትን የሚለካው እንዴት ነው?

ጂፒኤስ አሜሪካ ያሠራችው የሳተላይት ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ የሚልኩትም ትክክለኛ ሰዓትን የያዘ የሬዲዮ መልእክት ነው። በእጅዎ ያለው ሰዓት መልእክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላና ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያውቃል። ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን መልእክት ካገኘ ያሉበትን ቦታ ያወጣል። ይህን በየሴኮንዱ እየደጋገመ ነጥቦቹን ሲያገናኝ የሮጡት መንገድ ይገኛል።

ከዚህ አሠራር ለገዢ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ሰማይ ማየት አለበት። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል መልእክቱ ከግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ መንገድዎ በካርታው ላይ ሕንፃ ሰንጥቆ ያለፈ ሊመስል ይችላል። እንደ እንጦጦ ባለ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ሲሮጡም ስህተቱ ይጨምራል። ቤት ውስጥ ባለ የመሮጫ ማሽን ላይ ጂፒኤስ አይሠራም፤ ሰዓቱ የእጅዎን ውዝዋዜ ቆጥሮ ይገምታል።

ሁለተኛ፣ አጭር ርቀት እየተመላለሱ ሲሮጡ ስህተቱ ይበዛል። በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ ሰው ሰዓቱ የሚሰጠውን ኪሎ ሜትር በትክክል መጠበቅ የለበትም። እዚያ በደቂቃ ይቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ ከጂፒኤስ ሌላ ግሎናስ፣ ጋሊሊዮና ቤይዱ የሚባሉ የሩሲያ፣ የአውሮፓና የቻይና ሳተላይቶችን የሚቀበል ሰዓት የተሻለ ዕድል አለው። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉ ሰዓቶች በሕንፃ መካከል ይበልጥ ትክክል ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ይጨምራል። ሰፊ መንገድ ወይም ሜዳ ላይ ለሚሮጥ ጀማሪ ይህ ግዴታ አይደለም።

"ጂፒኤስ አለው" ሲባል ይጠንቀቁ

በገበያ ላይ በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው። ሳጥኑ ላይ ጂፒኤስ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ርካሽ ሰዓቶች ሁሉ በውስጣቸው ጂፒኤስ የላቸውም። ብዙዎቹ በብሉቱዝ የስልክዎን ጂፒኤስ ይዋሳሉ፤ ስልኩን ቤት ትተው ከሮጡ ርቀቱ ግምት ይሆናል።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ስልክዎን ያጥፉ ወይም ብሉቱዙን ይዝጉ፤ ከሱቁ ወጥተው ክፍት ቦታ ላይ የሩጫ ፕሮግራሙን ይክፈቱ። በውስጡ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ሳተላይት እየፈለገ መሆኑን ያሳይና ጥቂት ቆይቶ "ዝግጁ ነኝ" ይላል። ስልክ እንዲያገናኙ ብቻ ከጠየቀዎ በውስጡ ጂፒኤስ የለውም።

ከገዙ በኋላ ደግሞ 400 ሜትር ባለው የሩጫ ትራክ ላይ በውስጠኛው መስመር አምስት ዙር ይሩጡ። ይህ 2,000 ሜትር ነው። ሰዓቱ ከ1,950 እስከ 2,050 ሜትር ካሳየ ለጤና ለሚሮጥ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

የልብ ምት፦ ጠቃሚ ነው፣ ግን ይሳሳታል

በሰዓቱ ሆድ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ መብራት ለጌጥ አይደለም። ልብ በመታ ቁጥር በቆዳ ሥር ያለው ደም ይጨምራል፤ ደሙ ብርሃኑን ይውጣል፤ ሴንሰሩም ተመልሶ የመጣውን ብርሃን እያየ ምቱን ይቆጥራል። ቁጭ ብለው ሲለኩ ውጤቱ ጥሩ ነው። ሲሮጡ ግን እጅ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱ ይንሸራተታል፣ በጠዋት ብርድ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ። አንዳንድ ጊዜም ሰዓቱ የልብ ምት መስሎት የእግርዎን እርምጃ ይቆጥራል። ገና ሶምሶማ እንደጀመሩ 170 ካሳየዎና እርስዎ ግን በምቾት እያወሩ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥቁር ቆዳ አረንጓዴ ብርሃንን የበለጠ ስለሚውጥ ለሴንሰሩ የሚመለሰው ብርሃን ሊደክም ይችላል። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም፤ ስለዚህ የራስዎን ሰዓት ራስዎ መፈተሽ ይሻላል። ሩጫውን እንዳቆሙ ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ ያድርጉ። ለ15 ሴኮንድ ምቱን ይቁጠሩና በአራት ያባዙ። ከሰዓቱ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ጥሩ ነው።

ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ እንዳይንሸራተት ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ትክክለኛ የልብ ምት በእርግጥ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሐኪምዎ "ከዚህ ቁጥር አይለፉ" ብሎዎ ከሆነ፣ የደረት ቀበቶ የሚቀበል ሰዓት ይምረጡ። የደረት ቀበቶው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ በሩጫ ላይ ከእጅ አንጓ ይበልጣል። ፔስሜከር የተገጠመልዎ ከሆነ ግን ቀበቶ ከመግዛትዎ በፊት የልብ ሐኪምዎን ያማክሩ። የሰዓቱን የማግኔት ቻርጀርም ከደረትዎ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁ።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ

አብዛኞቹ ሰዓቶች የልብዎን ከፍተኛ ምት የሚገምቱት ከዕድሜ ነው፤ የታወቀው ስሌት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። የ55 ዓመት ሰው ከሆኑ 165 ይወጣል። ይህ የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የእርስዎ ልኬት አይደለም፤ በአንድ ዕድሜ ባሉ ጤነኛ ሰዎች መካከል እንኳ የአሥርና ከዚያ በላይ ምት ልዩነት የተለመደ ነው።

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ስሌቱ ጨርሶ አይሠራም። ቤታ ብሎከር የሚባሉት እነዚህ መድኃኒቶች ሥራቸው የልብን ምት መቀነስ ነው። ሰዓቱ መድኃኒት መውሰድዎን አያውቅም። እርስዎ ደክመው እያለከለኩ ምቱ 110 ላይ ስለቆመ ብቻ "ገና ነዎት፣ ጨምሩ" ይልዎታል። ቁጥሩን ለማሟላት መታገል በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ቁጥሩን ለማምጣት ብሎ መድኃኒት መዝለልም እንዲሁ። ቤታ ብሎከር የሚወስዱ ከሆነ የሰዓቱን የልብ ምት ማሳሰቢያ ያጥፉና የንግግር ፈተናውን ይጠቀሙ።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሌላ ስጋት አለ። ሩጫ የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሩጫው ሰዓታት በኋላ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ድንገተኛ ርሃብ ምልክቶቹ ናቸው። ሰዓቱ ይህን አይለይም፤ ልብ በሩጫም ይፈጥናልና። ቤታ ብሎከርም የሚወስዱ ከሆነ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ መፍጠን ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ በኪስዎ ያለ ስኳር ወይም ከረሜላ ይበልጣል። ከሩጫ በፊትና በኋላ በግሉኮሜትር ይለኩ፤ ስለ መድኃኒቱ መጠንም ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ከፍታና ሙቀት ቁጥሩን ይቀይሩታል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለመሮጥ ልብ ከቆላ ይልቅ የበለጠ ይሠራል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ በመጀመሪያው ጠዋት ሩጫው ሰዓቱ "አቅምዎ ቀንሷል" ቢለው አይደንግጥ፤ ቀስ ብሎ ይጀምር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት የሚሮጡ ሰዎችም የልብ ምታቸው ከፍ ይላል። እዚያ ቁጥሩን ከመከተል ይልቅ ከፀሐይ በፊት መሮጥና ውኃ መጠጣት ይቀድማል።

ቪኦቱ ማክስ የሚባለው የብቃት ቁጥርም ከፍጥነትና ከልብ ምት የሚወጣ ግምት ነው። ከጎረቤትዎ ቁጥር ጋር አያወዳድሩት፤ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ከራስዎ የባለፈው ወር ቁጥር ጋር ብቻ ያወዳድሩት።

የማይታመኑ ወይም በጥንቃቄ የሚታዩ ቁጥሮች

የደም ስኳር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳ ሳይወጉ በራሳቸው የደም ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን ሕዝብ እንዳይጠቀም አሳስቧል፤ እስከዚያ ቀን አንዱንም እንዳልፈቀደ አስታውቋል። በዚህ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ቆዳ ላይ ተለጥፎ በቀጭን መርፌ የሚለካ መሣሪያ ውጤቱን ወደ ሰዓት ሲልክ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሰዓቱ ማሳያ ብቻ ነው።

የደም ግፊት። በብርሃን ብቻ የደም ግፊት እለካለሁ በሚል ሰዓት ውጤት መድኃኒት አይጀምሩ፣ አያቁሙ፣ አይቀይሩም። በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ለቤተሰቡ ሁሉ ይጠቅማል። በጀትዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነና የደም ግፊት ካለብዎ ከሩጫ ሰዓቱ በፊት እሱን ይግዙ።

የኦክስጅን መጠን። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት በሆስፒታል የሚሠራበት የጣት መለኪያ እንኳ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮች ጋር ሲነጻጸር በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚስት አሳይቷል። የእጅ ሰዓቱ ከዚያ አይሻልም። ትንፋሽ ካጠረዎ ሰዓቱ "ደህና ነዎት" ስላለ አይዘናጉ።

ካሎሪ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መለኪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትሸው ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ በልብ ምት ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ነበር። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። "600 ካሎሪ አቃጥያለሁ" ብሎ ተጨማሪ ምግብ የሚበላ ሰው ለምን ክብደት እንዳልቀነሰ ግራ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሰዓቱን ሲመርጡ ይህን ይዩ

1. ባትሪ። ጂፒኤስ ሲበራ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። "ሰባት ቀን ይቆያል" የሚለው ጂፒኤስ ሳይበራ ነው፤ እርስዎ የሚጠይቁት "ጂፒኤስ በርቶ ስንት ሰዓት?" ብለው ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት አያዛልቅም።
2. የሚነበብ ስክሪን። ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆኑ ሰዎች ያለ መነጽር ትንንሽ ቁጥር ማንበብ ይከብዳቸዋል። ፀሐይ ላይ አውጥተው ይሞክሩት።
3. ቁልፍ። በላብ የራሰ ጣት በንክኪ ስክሪን ላይ ያስቸግራል። የሚጫን ቁልፍ ያለው ለሯጭ ይመቻል።
4. ከስልክዎ ጋር መስማማት። አፕል ዎች ያለ አይፎን አይዋቀርም። ጋርሚን፣ ፖላር፣ ኮሮስ፣ ሱንቶና አማዝፊት ከአንድሮይድም ከአይፎንም ጋር ይሠራሉ።
5. ቻርጀርና ማሰሪያ። ብዙ ሰዓት የራሱ የሆነ ቻርጀር አለው። ከውጭ የሚልክልዎ ሰው ተጨማሪ ቻርጀር እንዲጨምር ይንገሩት፤ ቢጠፋ እዚህ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል።
6. ዋጋ። አዲስ የወጣ ሞዴል የግድ አይደለም። ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የወጣ የታወቀ ሞዴል ለጀማሪ ይበቃል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጥሩ የሩጫ ጫማ ነው።

ቤትዎን ለማያውቁት ሰው አያሳዩ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ያወጣው ካርታ የወታደር ሰፈሮችን አቀማመጥ ማጋለጡ ታወቀ። የሠራዊት ምስጢር ያላመለጠ መተግበሪያ የእርስዎንም ቤት ያሳያል። ሁልጊዜ ከበር ጀምሮ በበር የሚያልቅ ሩጫ የት እንደሚኖሩና መቼ ከቤት እንደሚወጡ ይናገራል። ሰዓቱን እንደገዙ መተግበሪያው ውስጥ ገብተው ሩጫዎን እርስዎ ብቻ እንዲያዩት ያድርጉ፤ ብቻቸውን ለሚሮጡ ሴቶች ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ሲሮጡ ያሉበትን ቦታ ለአንድ የቤተሰብ አባል ብቻ በቀጥታ ማሳየት ግን ጠቃሚ ነው።

ለቤተሰብ

ሰዓቱን ሲሰጧቸው መቆጣጠሪያ አያድርጉት። "እማዬ፣ ዛሬ 3,000 እርምጃ ብቻ?" የሚል ጥያቄ በየማታው ሲደጋገም ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይልቁንስ አብረዋቸው ይውጡ፤ ካልተመቸዎ ደግሞ መድኃኒታቸውን፣ የደም ዓይነታቸውንና የእርስዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው በኪሳቸው እንዲይዙ ያድርጉ።

ሩጫ ወዲያው የሚቆምባቸው ምልክቶች

• ደረት ላይ መጫን፣ መጨምደድ ወይም ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም
• ካደረጉት እንቅስቃሴ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር
• ራስን መሳት ወይም ልስት ነው ማለት
• ሩጫውን ካቆሙ በኋላም የማይረጋጋ ወይም የሚዘበራረቅ የልብ ምት

የደረት ሕመሙ ካላቆመ ወይም ራስዎን ከሳቱ በአፋጣኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የእጅ ሰዓት፣ ኢሲጂ አለው የሚባለውም ቢሆን፣ ሀርት አታክ የሚባለውን የልብ ደም ሥር መዘጋት አይለይም።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ለዓመታት ያለ እንቅስቃሴ ከቆዩ፣ ሩጫ ከመጀመርዎ በፊት ይመርመሩ። ከጀመሩ በኋላ ሰዓቱን ይዘው ይምጡ፤ ግን ሁሉንም ቁጥር ለማሳየት አይድከሙ። ለሐኪምዎ የሚጠቅሙት ሁለት ናቸው፦ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደተንቀሳቀሱ፣ እና በዕረፍት ላይ ያለው የልብ ምትዎ ባለፉት ሳምንታት እንዴት እንደነበረ። በዕረፍት ያለው ምት ያለ ምክንያት ለቀናት ከፍ ብሎ ከቆየ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም በቂ ውኃ አለመጠጣት ሊኖር ይችላል፤ ይህን መመርመር የሐኪሙ ሥራ ነው። ሰዓቱ "ምትዎ የተዘበራረቀ ነው" ብሎ ካሳወቀዎም አይደናገጡ፣ ግን አይተዉትም። ለማረጋገጥ በጤና ተቋም ኢሲጂ ይነሡ።